ስለ አሻራ ውጤትና ስለ ሥራ ስንብት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
በሸገር ከተማ አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው ጽሕፈት ቤት
በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካ ላላቸው አሠሪዎችና ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎቻቸው

ጉዳዩ፦ ቅጣቱ በተጠናቀቀ የቆየ ወንጀል ምክንያት አዲስ ሠራተኛን ከሥራ ማሰናበትን ይመለከታል

ከቃሊቲ ተነስቶ በገላን በኩል ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የተሠሩት የብረታ ብረት፣ የምግብ፣ የፕላስቲክና የመጠጥ ፋብሪካዎች ሠራተኛ የሚቀጥሩበት ሥርዓት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ይለጠፋል፣ አመልካቹ መታወቂያውንና የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይመዘገባል፣ ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚያስረክብ የሥራ መደብ ደግሞ ተያዥ፣ ማለትም ሠራተኛው ለሚያጎድለው ሁሉ ኃላፊነት የሚወስድ ዋስ ያቀርባል፣ በመጨረሻም አሻራ እንዲሰጥ ይታዘዛል። በሠራተኛው አነጋገር አሻራ የሚባለው የጣት አሻራ ተወስዶ ከፖሊስ መዝገብ ጋር ከተመሳከረ በኋላ የሚሰጠው፣ በተለምዶ ክሊራንስ፣ በቢሮ አጠራር ደግሞ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማረጋገጫ የሚባለው ወረቀት ነው። ፋብሪካው ሰው በቶሎ ስለሚፈልግ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ይህ ወረቀት ሳይደርስ ቱታውን ለብሶ ሥራ ይጀምራል፤ ወረቀቱ መጥቶ የቆየ የጥፋተኝነት ፍርድ ያሳየ እንደሆነ ግን ሥራውን በወጉ ይሠራ የነበረው ሰው በሁለት መስመር ደብዳቤ፣ አንዳንዴም ያለ ደብዳቤ በበር ጥበቃው ቃል ብቻ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይገባ ይነገረዋል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ይህ አሠራር የአገሪቱ ሕግ ካስቀመጠው ሚዛን ውጭ መሆኑን ለማስረዳትና ለማስተካከያው ኃላፊነት ያለባቸውን ወገኖች ለመጠየቅ ነው።

ጉዳዩ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ በገላንና በእህት ከተሞቿ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለው። ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቀድሞ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ የአዲስ አበባን ኢንዱስትሪ ተሸክመው ያደጉ ከተሞች ናቸው፤ ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ዘመድ ባይኖረውም እንኳ በፋብሪካ በር ዕድሉን የሚሞክርባቸው ስፍራዎች እነርሱ ናቸው። የፌዴራል ታራሚዎች ለረጅም ዓመታት የቆዩበት ቃሊቲም ሆነ ቂሊንጦ ከገላን የታክሲ መንገድ ያህል ብቻ ይርቃሉ። በማረሚያ ቤት ውስጥ እንጨትና ብረት ሥራ፣ ሽመና ወይም ግንባታ የተማረ ታራሚ ሲፈታ ሙያውን የሚፈልግ ፋብሪካ በዚያው መንገድ ላይ ያገኛል፤ መንግሥት በአንደኛው ግቢ ከፍሎ ያሠለጠነው ሰው በሌላው ግቢ በር ላይ በዚሁ መንግሥት ወረቀት ሲመለስ ማየት፣ ስለ ሰብአዊነት ምንም ባይነሳ እንኳ፣ የሀብት ብክነት ነው።

ወደ ሕጉ ሲገባ መነሻው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የአዋጁ አንቀጽ 27 አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የጊዜ ገደብ ሳይሰጥ፣ የሥራ ውል ሊያቋርጥ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህ አንዱ ሠራተኛው በወንጀል ጥፋተኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። አሠሪዎች ደብዳቤ ሲጽፉ የሚጠቅሱት ይህን ሐረግ ሲሆን፣ የሚተዉት ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ ጥፋተኝነቱ ብቻውን ይበቃል ሳይል፣ ጥፋተኝነቱ ሠራተኛውን ለያዘው የሥራ መደብ የማይስማማ የሚያደርገው ሲሆን ነው የሚለው። ስለዚህ ሁለት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው፦ አንደኛው ፍርዱ መኖሩ፣ ሁለተኛው በፍርዱና በሥራው መካከል ያለው ተቃርኖ። የአሻራው ውጤት የሚያስረዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ፖሊስ ሊያውቀው አይችልም፣ የማስረዳት ሸክሙም የአሠሪው ነው። አብዛኛው የስንብት ደብዳቤ ስለዚህ ሁለተኛ ነጥብ አንድ ቃል እንኳ አይናገርም።

ከዚህም በላይ በአንቀጹ ውስጥ የተዘረዘሩት ሌሎች ምክንያቶች ሲታዩ፣ በተደጋጋሚ ማርፈድ፣ ከሥራ መቅረት፣ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳት፣ የአሠሪውን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸትና የመሳሰሉት ሁሉ የሥራ ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ የሚፈጸሙ ናቸው። በዚህ መካከል የተቀመጠ ድንጋጌ ሠራተኛው ከመቀጠሩ ከዓመታት በፊት የተፈረደበትንና ቅጣቱን የጨረሰበትን ጉዳይ ይሸፍናል ብሎ መተርጎም በጸሐፊው እምነት የጎረቤቶቹን መንፈስ የሚቃረን ነው፤ ይሁንና ሰፊውን ትርጉም የሚደግፍ ሰው እንኳ ከሁለተኛው መስፈርት ሊያመልጥ አይችልም። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 18 ሠራተኛው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ሲታሰርና አሠሪው ይህን በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቀው ሲደረግ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ እንደማይቋረጥ መደንገጉ፣ ሕግ አውጪው እስርን በራሱ እንደ ነውር ምልክት እንዳልቆጠረው ያሳያል።

መስፈርቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በገላን ፋብሪካዎች ውስጥ በየቀኑ የሚገኙ ሁለት የሥራ መደቦችን ማየት ይበቃል። ሲኖትራክ ሲያሽከረክር በቸልተኝነት ሰው ገጭቶ የገደለ ሾፌር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት ተፈርዶበት ቅጣቱን ጨርሶ በማሸጊያ ክፍል ውስጥ ቢቀጠር፣ ካርቶን በማጣጠፍና በአሮጌው አደጋ መካከል ምን ተቃርኖ እንዳለ ማንም ሊያስረዳ አይችልም፤ ይኸው ሰው ለከባድ መኪና አሽከርካሪነት ቢያመለክት ግን አሠሪው ቆም ብሎ ማሰቡ፣ የመንጃ ፈቃዱን ሁኔታና ያለፈውን ጊዜ መመርመሩ ተገቢ ነው። በተቃራኒው በንብረት ክፍል ሠራተኝነት ዘመኑ ዕቃ በማጉደል በእምነት ማጉደል የተፈረደበት ሰው፣ ማለትም በአደራ የተቀበለውን ለራሱ ያደረገ ሰው፣ እንደገና የመጋዘን ቁልፍ ይሰጠው ቢባል አሠሪው ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ የዚያው ሰው በብየዳ ክፍል መሥራት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የአሻራው ወረቀት በሾፌሩና በንብረት ክፍል ሠራተኛው መካከል ልዩነት አያደርግም፤ ልዩነቱን ሊያደርግ የሚገባው የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ተመልክቶ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ያሰናብታል። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከቱት አዋጆች እንኳ፣ ከግል ፋብሪካ ይልቅ ጥብቅ መሆናቸው የሚጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ ለቅጥር የማያበቁትን ወንጀሎች እንደ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር እያሉ በዓይነት ለይተው ይጠቅሳሉ።

አሠሪዎች ከዚህ ክርክር የሚያመልጡበት በር የሙከራ ጊዜ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 11 ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ መሆኑ የሚመዘንበትን የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ስለሚፈቅድና በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ማሰናበት ስለሚቻል፣ የአሻራው ውጤት በእነዚህ ቀናት ውስጥ የደረሰ እንደሆነ አሠሪው ስለ ወንጀሉ ሳያነሳ፣ በሙከራ ጊዜ ብቁ ሆኖ አልተገኘም ብሎ ይጽፋል። የሙከራ ጊዜ የሚለካው ግን የሠራተኛው የሥራ ችሎታ ነው፤ ምርቱን በብዛትም በጥራትም ያሟላ፣ የፈረቃ ኃላፊው ያመሰገነው ሰው በአንድ ወረቀት ምክንያት ችሎታ የለውም ሊባል አይችልም፣ የሙከራው ስምምነትም በጽሑፍ ካልተደረገ ከመጀመሪያውም ሙከራ የሚባል ነገር የለም። የሙከራ ጊዜውን ያለፈ ሠራተኛን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ሌላ ገደብ አለው፦ አሠሪው የስንብቱን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። የአሻራውን ውጤት በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ አስቀምጦ፣ ከወራት በኋላ ሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲጠይቅ ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበር ሲጠጋ አውጥቶ መምዘዝ በዚህ ድንጋጌ የተከለከለ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ በዓለም አቀፍ ደረጃም የገባችው ግዴታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 111 ስምምነት በሥራና በሙያ የሚደረግ መድልዎን የሚመለከት ሲሆን፣ ሰውን ከሰው መለየት የሚቻለው ሥራው በባሕርዩ በሚጠይቀው ብቃት ላይ ተመሥርቶ መሆኑን ያስቀምጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው ቁጥር 158 ስምምነት ደግሞ ሠራተኛው በጠባዩ ወይም በሥራ አፈጻጸሙ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ነገር መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ያዛል። በገላን በር ላይ የሚጎድለው በተለይ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ማንም ሠራተኛውን ጠርቶ ወንጀሉ ምን ነበር፣ መቼ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምን ሲሠራ ቆየ ብሎ አይጠይቀውም።

ከሁሉ ይበልጥ ችላ የተባለው ግን የወንጀል ሕጉ ራሱ ያዘጋጀው መውጫ ነው። በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የነበረውና በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ የቀጠለው መሰየም የሚባለው ሥርዓት፣ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ሲኖር በፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ቀድሞ ስሙና መብቱ የሚመለስበት መንገድ ነው። ቅጣቱ ጽኑ እስራት፣ ማለትም ለከባድ ወንጀሎች የሚወሰነው ዓይነት፣ ከነበረ ቢያንስ አምስት ዓመት፣ በሌሎች ቅጣቶች ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆጠር አለበት፤ ጥፋተኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ በአዲስ ወንጀል ያልተፈረደበትና ለተበዳዩ ሊከፍለው ይገባ የነበረውን ካሣ በአቅሙ መጠን የከፈለ መሆን ይኖርበታል። ፍርድ ቤቱ ይህን ተቀብሎ ሲወስን ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕጉ በአንቀጽ 235 ከዚህም አልፎ ሄዶ፣ የተሰየመን ሰው በክፉ ሐሳብ ተነሳስቶ በቀድሞ ፍርዱ የሚወቅስ ሰው ስም በማጥፋት ሊጠየቅ እንደሚችልና የተናገረው እውነት ነው ብሎ ሊከላከል እንደማይችል ይደነግጋል። እውነትን መናገር መከላከያ የማይሆንበት ቦታ በሕግ ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ይህ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው፣ የሕግ አውጪውን ሐሳብም ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ያሳያል።

ይህን መንገድ የሚያውቁት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ሰው የመፈቻ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፤ ከሁለት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ስሙን ማጽዳት እንደሚችል የሚነግረው የለም። በዚህ ላይ በይቅርታና በምሕረት መካከል ያለው ልዩነት ሰውን ያሳስታል። በዘመን መለወጫና በሌሎች በዓላት ዋዜማ የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ለታራሚዎች የሚያደርጉት ይቅርታ ነው፤ ይቅርታ ያልተፈጸመውን ቅጣት ያስቀራል ወይም ይቀንሳል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያጠፋም። ምሕረት ግን፣ ለምሳሌ በ2010 በወጣው የምሕረት አዋጅ እንደተደረገው፣ ፍርዱን ጭምር እንዳልነበረ ያደርጋል። በይቅርታ የተፈታ ሰው መንግሥት ይቅር ብሎኛል ብሎ አምኖ ገላን ፋብሪካ ሲቀጠርና አሻራው ሲወጣበት የሚደነግጠው ለዚህ ነው፤ አሠሪው ዋሸ ይለዋል፣ እርሱ ግን የዋሸ አይመስለውም። በአመክሮ፣ ማለትም ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በመልካም ጠባዩ ቀደም ብሎ የተፈታውም፣ በገደብ ተፈርዶበት አንድም ቀን ያልታሰረውም ሰው ከዚሁ ግራ መጋባት አያመልጥም።

የአገሩ ባሕል በዚህ ረገድ ከቢሮው የተሻለ ልምድ አለው ማለት ይቻላል። ገላን ስሙን ካገኘበት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ጀምሮ በአካባቢው የሚታወቀው የጉማ ሥርዓት፣ በነፍስ ግድያ ምክንያት የተቃቃሩ ወገኖችን በሽማግሌ ፊት በካሣና በእርቅ የሚያገናኝ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከተፈጸመ በኋላ ነገሩን እንደገና የሚያነሳው ወገን ነውረኛ ይባላል። በአማራውም ዘንድ የደም እርቅ ከተፈጸመ በኋላ ገዳዩና የሟች ዘመዶች በአንድ ማዕድ ይቀርባሉ፣ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን እስከ ማቋቋም ሲሄድ፣ በዚያው ክልል ውስጥ ያለ ፋብሪካ ከነፍስ ግድያ እጅግ ያነሰ ነገር እያነሳ ሰው ሲያባርር ዝም መባሉ ለጸሐፊው እንግዳ ነገር ነው።

የአሠሪዎች ስጋት ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2130 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ማን እንደሚቀጥር ማወቅ መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው። የበለጠ የሚከብደው ክርክር የቅጥር ቅጹን የሚመለከት ነው፤ ቅጹ በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ ብሎ ጠይቆ ሠራተኛው አያውቅም ብሎ ከፈረመ፣ አሠሪው ሠራተኛው የተሰናበተው በወንጀሉ ሳይሆን በማታለሉ ነው ሊል ይችላል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፣ አውቆ የዋሸን ሠራተኛ መከላከልም የዚህ ደብዳቤ ዓላማ አይደለም። ሆኖም ጥያቄው ከሥራው ጋር ግንኙነት ከሌለው፣ የተሰየመ ሰው ደግሞ በሕግ ፊት ፍርድ የለበትምና አልተፈረደብኝም ማለቱ ትክክለኛ መልስ ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ያልተጠየቀ ሰው ለምን አልተናገርክም ተብሎ የሚባረር ከሆነ፣ ማታለል የሚለው ቃል ቦታውን ስቷል። ተያዥ የሚባለው ዋስትናም ለዚህ ዓይነቱ ስጋት ድሮውኑ የተበጀ ነበር፤ ዋስ አምጥቶ የገባን ሰው በዚያው ስጋት ማሰናበት አንዱን ሥጋት ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል። በአሜሪካ የሚዙሪ ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ በወንጀል የተፈረደበትን አመልካች ሁሉ በደፈናው አልቀበልም ይል ነበር፤ ለውትድርና አልመለመልም በማለቱ ታስሮ የነበረና ለጸሐፊነት ያመለከተ ጥቁር አሜሪካዊ ባቀረበው ክስ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን የደፈና ክልከላ በዘር ላይ የተመሠረተ መድልዎን በሚከለክለው ሕግ መሠረት ሽሮታል፤ ከዚያ በኋላ የወንጀሉ ክብደት፣ ያለፈው ጊዜና የሥራው ባሕርይ አንድ ላይ እንዲመዘኑ የሚያዘው መርሕ ተተክሏል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሕግ አብዛኞቹ ፍርዶች የተወሰነ ዓመት ሲያልፋቸው ያለ ማመልከቻ በራሳቸው እንዲያረጁ አድርጋለች፤ የኢትዮጵያው መሰየም በአንጻሩ ሰውየው ራሱ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ስለሚጠይቅ መብቱን ለማያውቅ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ክሊራንስ ሊጠየቅባቸው የሚገቡ የሥራ መደቦችን የሚለይ፣ ውጤቱም ሠራተኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲቀርብ የሚያስገድድ መመሪያ እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ሰው ከቀድሞ ሥራው ለቆ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ካስገባ በኋላ የሚደርስ ውጤት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናልና። የስንብት ደብዳቤ በአንቀጽ 27 ላይ ሲመሠረት በወንጀሉና በሥራ መደቡ መካከል ያለውን ተቃርኖ በግልጽ እንዲያሰፍር፣ ሠራተኛውም አስቀድሞ እንዲሰማ ቢደረግ አሠሪውም ከክስ ይድናል፤ ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ካልተመለሰ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ በሆነ ጊዜ፣ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ በካሣ እንደሚከፈለው ለአሠሪዎች ማስታወሱም አይከፋም። በሸገር ከተማ የተመደቡት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ ገላን ፋብሪካዎች ሲሄዱ የጫማና የራስ መከላከያን ብቻ ሳይቆጥሩ የስንብት ማኅደሮችንም ይክፈቱ። ማረሚያ ቤቶች ለሚፈቱ ሁሉ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ለመሰየም ማመልከት እንደሚችሉ የሚገልጽ ወረቀት ከመፈቻው ጋር አያይዘው ቢሰጡ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ ገጽ ኅትመት አይበልጥም።

አሁን በእጃቸው የስንብት ደብዳቤ የያዙ ሠራተኞችን በተመለከተ ግን መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አይቻልም። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከስንብቱ ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ፍርድ ቤት አይቀበለውም፤ የሸገር ከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤትም ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጠውን የምክር አገልግሎት ለቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ ሳያሳድር ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በገላን እንዲሰጥ በአክብሮት ይጠየቃል።

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
ለፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን